ከ10 እስከ 12 ሰዓት

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው፤ ደብረ ማርቆስ። ጠዋት የጀመረው ዝናብ ማታም አላባራም። የእህቴ ልጅ ክረምቱን እኔ ጋ ልታሳልፍ ከቢቸና መጥታለች። ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። ማታ ማታ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን፣ ስልኬን የስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈን፣ ኪጋሊ ላይ የሚካሄደውን የአፍሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና እናያለን። ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። ተጫዋቿ ለመወርወር ስትዘል ምስሉ ቀጥ ይላል። ሲመለስ ኳሱ ሌላኛው ቡድን እጅ ገብቷል። ይግባ አይግባ የምናውቀው ከተመልካቹ ጩኸት ነበር።

የእህቴ ልጅ የሩዋንዳ ደጋፊ ሆነች። ለምን ስላት "ቤታቸው ነዋ!" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አስተናጋጇ ሩዋንዳ ነበረች። አዳራሹ 10 ሺህ ሰው ይይዛል። ሩዋንዳዎች ኳስ በያዙ ቁጥር ያ ሁሉ ሰው ይጮሃል፤ ልጅቱም አብራ ትጮሃለች። ሩብ ፍጻሜው ላይ ዩጋንዳን አሸንፈው ግማሽ ፍጻሜ ሲገቡ ጋቢውን ጥላ ተነሣች።

ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ከተማውም በሩን ዘጋ። ያ ሰሞን ጎጃም ውስጥ ምን እንደነበረ የኖረበት ያውቀዋል፤ እዚህ አልዘረዝረውም። ቤት ውስጥ ተቀምጠን የውጩን ድምፅ እናዳምጥ ነበር። ልጅቱ ግን ጠዋት ጠዋት ስትነሣ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "አክስቴ፣ ማን አሸንፎ ይሆን?"

አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ስልክ የገባልኝ ከቀናት በኋላ ነው። ደኅና መሆናችንን ጠየቀ፤ ነገርኩት። እናታችንን ጠየቀ፤ ነገርኩት። ልዘጋው ስል ልጅቱ ክንዴን ጎተት አደረገችው። "የኳሱን ጠይቂልኝ" አለች በሹክሹክታ። በዚህ ሰዓት ስለ ኳስ ትጠይቂኛለሽ ብሎ የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። ስልኩን ሳይዘጋ ፈልጎ ነገረን። ፍጻሜው ናይጄሪያ 84፣ ሴኔጋል 74። ሦስተኛ ማሊ፣ አራተኛ ሩዋንዳ። ልጅቱ ሮጣ ደብተሯን አመጣችና የጀርባው ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ሁለት ጊዜ አደመቀችው። ያ ደብተር ዛሬም አለ።

እኔ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ያ ቁጥር ለአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ለምን ያን ያህል እንዳስፈለጋት ስለማውቅ ነው። ልጅቱ ረጅም ናት። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ሲረዝም "አድጎ!" ይባላል። ሴት ልጅ ስትረዝም "ኧረ ይች ልጅ፣ ማን ሊያገባት ነው?" ይባላል። እኔን የሰፈር ልጆች "የስልክ እንጨት" ይሉኝ ነበር። ከዚያ የተነሣ ትከሻዬን አጥፌ መሄድ ለመድኩ። እናቴ "ቀና በይ፣ ምን ሰርቀሻል?" ትለኝ ነበር። እንደሷ አድርጎ የገባው ሰው አልነበረም። የእህቴ ልጅም ትከሻዋን ማጠፍ ጀምራ ነበር። ስልኩ ላይ ግን ከእሷ የሚረዝሙ ሴቶች ደረታቸውን ነፍተው ቆመው ሕዝብ ያጨበጭብላቸዋል። ይህን አይታ ደጋግማ ማየት ብትፈልግ ምን ይገርማል?

እኔ ቅርጫት ኳስ የጀመርኩት በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ አስፋልት ሜዳ ነበረው። ለቅርጫት ኳስም፣ ለመረብ ኳስም፣ ለሰልፍም የሚያገለግለው እሱ ነው። በአንደኛው በኩል ያለው ቦርድ ተገንጥሎ ቀለበቱ ብቻውን ምሰሶው ላይ ቀርቷል። መረብ ኖሮት አያውቅም። ኳሱ ከማርጀቱ ብዛት እንደ እንቁላል ለስልሶ ከእጅ ያመልጣል። ደግሞም የወንዶች ኳስ ነበር፤ 7 ቁጥር። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለሴቶች 6 ቁጥር ኳስ ማጫወት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዙሪያው 72 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀለል ይላል፣ ለሴት መዳፍ ይመቻል። እኔ 6 ቁጥር ኳስ በእጄ የያዝኩት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። የያዝኩት ቀን ዝም ብዬ አገላበጥኩት። ያን ሁሉ ጊዜ እጄ ትንሽ እየመሰለኝ ስናደድ ኖሬያለሁ፤ ትልቁ ግን ኳሱ ነበር።

ያን ጊዜ ያስተማሩን መምህር ድሪብል፣ ኳስ እያነጠሩ መሄድን ማለት ነው፣ ሲያሳዩን "ኳሱን አትዩት፣ ወደ ፊት እዩ" ይሉን ነበር። ወንዶቹ ተቸገሩ። እኛ ሴቶቹ ግን ቶሎ ገባን። ምክንያቱን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ቅልልቦሽ ነው! ጠጠሯን ወደ ላይ ትወረውሪያለሽ። ዓይንሽ እሷን ይከተላል። እጅሽ ከታች ሳታይው ሌሎቹን ጠጠሮች ይለቅማል። ከዚያ ላይኛዋን መሬት ሳትነካ ትቀልቢያለሽ። ከአምስት ዓመታችን ጀምሮ ደጃፍ ቁጭ ብለን ይህን ስንሠራ ነው ያደግነው። ዓይን ሌላ፣ እጅ ሌላ። ዛሬ አዲስ ልጆች ሲመጡልኝ የመጀመሪያውን ቀን ኳስ አልሰጣቸውም። አምስት አምስት ጠጠር ይዘው እንዲቀመጡ አደርጋለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ ኳሱን ስሰጣቸው ሳቁ ይቆማል።

ያቆምኩት 10ኛ ክፍል ላይ ነው። ማንም አልከለከለኝም። ትምህርት ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ያልቃል፤ ልምምድ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነው። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ደግሞ ቤታችን ውስጥ ሥራው ሁሉ የሚነሣበት ሰዓት ነበር። ውኃ በፈረቃ ይመጣል። እንጨት ይፈለጣል፣ ምጣድ ይጣዳል፣ ታናናሾቼ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ። እናቴ ብቻዋን ነበረች። እያየሁ ጥያት መሄድ አቃተኝ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ቀረሁ። ከዚያ ሁለት ቀን። ከዚያ መምህሩ ስሜን መጥራት ተዉ። ታላቅ ወንድሜ እግር ኳሱን እስከ 12ኛ ክፍል ተጫውቷል። አላዝንበትም። እሱም ቢሆን እንደዚያ ብሎ አስቦት አያውቅም፤ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የራሱ ነበር፣ አለቀ።

አስተማሪ ሆኜ አንድ ቀን ወረቀት ላይ ደመርኩት። በቀን 2 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 36 ሳምንት ብንል 360 ሰዓት ነው። ከ5ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ስድስት ዓመት። 2,160 ሰዓት። አንድ ወንድ ልጅ በነጻ የሚያገኘው፣ እኅቱ ደግሞ የማታገኘው ጊዜ ይህ ነው። ቅርጫት ኳስ የጣትና የእግር ትዝታ ነው። ፍሪ ስሮው፣ ያ ማንም ሳይከላከልሽ የምትወረውሪው የቅጣት ኳስ፣ በስብከት አይመጣም። ሺህ ጊዜ ወርውረሽ ሺህ ጊዜ ስታነሺ ነው የሚመጣው።

ብሔራዊ ቡድኖችን ሳይ ቶሎ የሚታየኝ ይኸው ሰዓት ነው። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1953 ቺሊ ውስጥ ነው፤ በእኛ 1945 ዓ.ም. መሆኑ ነው። 10 ቡድኖች ነበሩ፤ ዋንጫውን አሜሪካ ወሰደች። እስካሁን አሜሪካ 11 ጊዜ፣ ሶቪየት ኅብረት 6 ጊዜ፣ ብራዚልና አውስትራሊያ አንድ አንድ ጊዜ አሸንፈዋል። የአፍሪካው እ.ኤ.አ. በ1966 ጊኒ፣ ኮናክሪ ላይ ተጀመረ፤ ዋንጫውን ግብፅ በላች። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ዘመኑ የሴኔጋል ሆነ፤ 11 ዋንጫ አላቸው። ኦሊምፒክ ግን ወንዶቹን በ1936 አስገብቶ ሴቶቹን እስከ 1976 አስጠብቋል። አርባ ዓመት! ሴቶቹ ሞንትሪያል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወቱ የ1953ቱ የዓለም ሻምፒዮኖች የመጫወቻ ዕድሜያቸው አልፎ ነበር ማለት ነው።

አሁን ጊዜው የናይጄሪያ ነው። በ2017፣ በ2019፣ በ2021፣ በ2023 እና በ2025 አከታትለው አምስት ዋንጫ ወስደዋል። የ2023ቱን፣ ያን እኛ ፍጻሜውን ሳናይ የቀረነውን፣ ያሸነፉት በሬና ዋካማ አሰልጣኝነት ነው። እሷም ቀደም ሲል ለናይጄሪያ የተጫወተች ናት። በአሰልጣኝነት ይህን ዋንጫ ያነሣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዓመቱ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ አውስትራሊያን 75 ለ 62፣ ካናዳን 79 ለ 70 አሸነፉ። ሩብ ፍጻሜም ገቡ። ከአፍሪካ፣ በወንድም በሴትም፣ በኦሊምፒክ ቅርጫት ኳስ እዚያ የደረሰ ቡድን አልነበረም። በአሜሪካ 88 ለ 74 ተሸንፈው ወጡ። የዚያን ማታ ከሩብ ፍጻሜ መውጣታቸው ትዝ ያለኝ ጠዋት ስነቃ ነው፤ ማታውን በደስታ ነበር ያመሸሁት።

ከአውስትራሊያ በኩል ደግሞ አንድ ታሪክ አለ፤ ለሚሰማኝ ሁሉ የምነግረው። ሎረን ጃክሰን በጉልበቷ ምክንያት በ2016 ጫማዋን ሰቅላ ነበር። ሁለት ልጆች አሳደገች። በ2022 የዓለም ዋንጫው ሲድኒ ላይ ሲመጣ በ41 ዓመቷ ተመለሰች። ለነሐስ ሜዳሊያ ከካናዳ ጋር ባደረጉት ጨዋታ ብቻዋን 30 ነጥብ አስቆጠረች። እኔ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነኝ። ያን ጨዋታ ያየሁ ሰሞን ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ ቀድሜ ሜዳው ላይ እገኝ ነበር።

እውነቱን እንነጋገር። ከናይጄሪያ ተጫዋቾች ብዙዎቹ አሜሪካ ያደጉ ናቸው። በ2025 የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ አይቮሪ ኮስት አቢጃን ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋ ሦስተኛ የወጣችው ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳንም በውጭ አገር ያደጉ ልጆች አሏት። "እነሱማ የፈረንጅ ልጆች ናቸው" የሚለኝ ባልደረባ አለኝ። በዚህ አልስማማም። ልጆቹ የናይጄሪያና የደቡብ ሱዳን ልጆች ናቸው፤ ቁመቱም ደሙም ከዚያ ነው። አሜሪካ የሰጠቻቸው ሰዓቱን ነው። አሜሪካም ብትሆን ለሴት ልጆቿ ይህን የሰጠችው በልመና አይደለም። በ1972 ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ሁሉ ሴትና ወንድን እኩል እንዲያይ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሜዳው፣ አሰልጣኙና ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ለሴቶቹም ሆነ። የአፍሪካ ስደተኞች ልጆች ሲወለዱ ያ ሰዓት ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን የሚመጡ ልጆችን አያለሁ። ጮቄ ተራራ ሥር በእግራቸው ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ ያደጉ ናቸው። ሳንባቸው ሙሉ ነው። የጎደላቸው ያ ሰዓት ነው።

አምና አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ መምጣት አቆመች። እጇ ወርቅ ነው፤ በግራም በቀኝም ትመታለች። ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ አጥሩን እየጠገኑ ነበር። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስለ ችሎታዋ ተናገርኩ፣ ስለ ዞኑ ውድድር ተናገርኩ። ስጨርስ ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡ።

"እህቴ፣ አንችን አምናለሁ" አሉኝ። "ጨዋታውንም አልጠላሁት። 12 ሰዓት ከሜዳው እስከዚህ ያለውን መንገድ ግን አላምነውም። ለውድድር ስትሄዱስ ሌሊት ማን ጋ ነው የምታድር?"

ለዚህ የሚሆን መልስ ይዤ አልሄድኩም ነበር። ኋላ ቀር አባት ናቸው ብዬ ብመለስ ይቀለኝ ነበር። ግን ማሊን አስታወስኩ። በ2021 የማሊ ከ19 ዓመት በታች ሴቶች በዓለም ሻምፒዮና አራተኛ ወጡ፤ ከአፍሪካ ከዚያ በፊት ማንም እዚያ አልደረሰም። በዚያው ዓመት ደግሞ የማሊ ወጣት ቡድኖች ተጫዋቾች አሰልጣኞች ጾታዊ ጥቃት እንዳደረሱባቸው ተናገሩ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም ምርመራ ከፈተ። እነዚያ ልጆች አባት አላቸው። ስለዚህ "ልክ ነዎት" አልኳቸው። "የሚሆነውን አስቤ እመለሳለሁ" ብዬ ሄድኩ።

ተመልሼ ሄጃለሁ። ልምምዱ 11 ሰዓት ላይ እንዲያልቅ አደረግን። ልጆቹ በሰፈር በሰፈር ተቧድነው ይሄዳሉ፤ ማንም ብቻዋን አትወጣም። ራቅ ያሉትን እኔ አደርሳለሁ። ከከተማ የምንወጣ ከሆነ ሁለት ሴት መምህራን አብረን እንሄዳለን፣ የምናድርበትንም ቤት ወላጅ አስቀድሞ ያውቃል። አባትየው ሁሉንም ሰምተው "እንግዲህ ትሞክር" አሉ። ከዚያ ቀጠል አድርገው "ጫማው ስንት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ልቤ ሞላ።

ያም ሆኖ 11 ሰዓትም ቢሆን የውኃውን ነገር አይፈታም። እሱን የፈቱት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ከትምህርት ቤቱ በር ትንሽ ወረድ ብሎ ቦኖ አለ። ፈረቃው የደረሰ ቀን ሰልፉ ረጅም ነው። አንድ ቀን ልምምድ ልጀምር ስል ልጆቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው መጡ። ምንድን ነው ስላቸው "ቲቸር፣ አሰልፈነው ልንመጣ ነው" አሉኝ። ጀሪካናቸውን ሄደው ሰልፉ ላይ አስቀመጡ። አንዷ ተራ ጠባቂ ሆና እዚያው ቀረች፣ ሌሎቹ ተመልሰው ተጫወቱ። ተራው ሲቃረብ ጠባቂዋ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "የሳሮን! የሳሮን ደረሰ!" ብላ ትጮሃለች። ሳሮን ኳሱን ለቅርቧ ልጅ ታቀብልና ትሮጣለች። ቀድታ፣ ጀሪካኑን አጥሩ ሥር አቁማ፣ ቀሚሷ እየተንጠባጠበ ትመለሳለች። ቡድኑ አራት ለአምስት ሲጫወት ይቆያል። ደግነቱ አራት ሆኖ መከላከልን እንደዚያ አድርጎ የሚያስተምር ነገር የለም። ባለፈው ዓመት የጎበኘን አንድ የሌላ ትምህርት ቤት መምህር "ልጆችሽ ሰው ሲጎድልባቸው አይደነግጡም፤ ምን አሠርተሻቸው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ጀሪካኖቹን አሳየሁት።

የእህቴ ልጅ አሁን እኔ ጋ ሆና ነው የምትማረው። 16 ሆናለች፤ ከእኔም በልጣለች። ሪባውንድ ላይ፣ ሳይገባ የተመለሰውን ኳስ ለመያዝ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ስትቆም ሌላ ሰው ወደዚያ ባይጠጋ ይሻለዋል። ትከሻዋን ማጠፍ ትታለች። አቢጃን ላይ ናይጄሪያ ማሊን 78 ለ 64 ስታሸንፍ ኔትወርኩ አልጠፋም፤ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ አየነው። ልጅቱ ያን አሮጌ ደብተር አወጣችና ከ84 ለ 74 ሥር ጻፈችው።

ቀጣዩ የዓለም ዋንጫ በርሊን ላይ ነው። 16 ቡድኖች አሉ፤ ናይጄሪያም አለችበት። ነሐሴ 29 ተጀምሮ መስከረም 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያልቃል። ጳጉሜን ከነእንቁጣጣሹ መሀሉ ላይ ወደቀ ማለት ነው። የበርሊን ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ስለሚዘገይ ሌሊት ተነሡ የሚል የለም። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው መጀመሪያ ጨፈሩ፣ ከዚያ ራቅ ብለው መማከር ጀመሩ። ቆይተው የእህቴን ልጅ ላኳት።

"ቲቸር" አለችኝ፤ ሜዳ ላይ አክስቴ አትለኝም። "ዘንድሮ አበባየሆሽ አንድ ላይ ነው የምንዞረው። ብሩን አንካፈልም። ለቀለበቱ መረብ እንገዛበታለን።"

ወደ ምሰሶው ሄድን። ከላይ አንጋጥጬ ቆጠርኩ። ቀለበት 12 የመረብ ማንጠልጠያ ሊኖረው ይገባል። የእኛው አምስት ነው የቀረው። ነገርኳት። እጇን ዘርግታ፣ በእግሯ ጣት ቆማ፣ ምን ያህል እንደሚቀራት ለካች።

"ሰባቱን በሲባጎ እናስረዋለን" አለችኝ። "መሰላል ብቻ አምጪልን።"